ለሥራም ለጌምም የሚሆን ባለከፍተኛ ሄርዝ ሞኒተር እንዴት ይመረጣል? ዝርዝር መመሪያ

ባለ144 ወይም ባለ165 ሄርዝ (ምስሉን በሰከንድ 144 ወይም 165 ጊዜ የሚያድስ) ሞኒተር ገዝተው ለወራት በ60 ሄርዝ የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ማታ ጌሙ ያምርላቸዋል፣ ጠዋት ኤክሴል ሲከፍቱ ግን ፊደሉ ደብዝዞ ዓይናቸው ይደክማል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው የሄርዝ ቁጥር ይጀምራሉ፤ ኮምፒውተራቸው ያንን ቁጥር ማውጣት ይችል እንደሆነ፣ ጽሑፍም በዚያ ስክሪን ላይ ይነበብ እንደሆነ የሚያዩት ከገዙ በኋላ ነው።

እዚህ በተቃራኒው እንሄዳለን። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ፣ ቀጥሎ ጽሑፉ፣ ሄርዙ ሦስተኛ ነው። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ የአንዱ ውጤት ለቀጣዩ ያስፈልጋል።

ከመነሳታችሁ በፊት የምታዘጋጁት

- ሜትር። የጠረጴዛችሁን ጥልቀት (ከግድግዳው እስከ እናንተ ድረስ) እና ስፋቱን ለክታችሁ ጻፉ።
- የላፕቶፓችሁ ወይም የግራፊክስ ካርዳችሁ ሙሉ የሞዴል ስም። «ኤችፒ ነው» አይበቃም፤ ከሥሩ ያለውን ተለጣፊ ፎቶ አንሱ።
- ፍላሽ። ውስጡ በ10 ነጥብ የተጻፈ አንድ ገጽ የአማርኛ ሰነድ፣ አንድ የኤክሴል ፋይል፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ አምስት ምስሎች ይኑሩ። ምስሎቹን ፔይንት ላይ በደቂቃዎች መሥራት ይቻላል።
- ካሜራው የሚሠራ ስልክ።

## ደረጃ 1፦ ኮምፒውተራችሁ ምን ያህል ማውጣት እንደሚችል እወቁ

ምስሉ ከግራፊክስ ካርዱ ተነስቶ በፖርቱ፣ በኬብሉና በሞኒተሩ መግቢያ በኩል ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ ደካማ ከሆነ ሌሎቹ ምንም ያህል ቢጠነክሩ ዋጋ የላቸውም።

1.1 ግራፊክስ ካርዱን ለዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ገብታችሁ ጂፒዩ የሚለውን ንኩ። ስሙ በቀኝ በኩል ከላይ ይታያል። ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱንም መዝግቡ።

1.2 ፖርቶቹን ለዩ። የፖርቱ ቅርጽ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ኤችዲኤምአይ 1.4 እና ኤችዲኤምአይ 2.1 ሲታዩ አንድ ናቸው። የሞዴሉን ስም ይዛችሁ የአምራቹን ገጽ ፈልጉና የፖርቱን ቁጥር አረጋግጡ። እያንዳንዱ የሚሸከመው በግምት ይህን ያህል ነው (1080ፒ፣ 1440ፒና 4ኬ የሪዞሉሽን፣ ማለትም የስክሪኑ የፒክስል ወይም የነጥብ ብዛት መጠሪያዎች ናቸው)፦

- ኤችዲኤምአይ 1.4፦ 1080ፒን እስከ 120 ሄርዝ፣ 1440ፒን እስከ 75 ገደማ፣ 4ኬን 30 ብቻ።
- ኤችዲኤምአይ 2.0፦ 1080ፒን እስከ 240፣ 1440ፒን እስከ 144፣ 4ኬን 60።
- ኤችዲኤምአይ 2.1፦ 4ኬን 120 እና ከዚያ በላይ።
- ዲስፕሌይ ፖርት 1.2፦ 1440ፒን እስከ 165፣ 4ኬን 60።
- ዲስፕሌይ ፖርት 1.4፦ 1440ፒን እስከ 240፣ 4ኬን 120፤ ካርዱም ሞኒተሩም ዲኤስሲ የሚባለውን መጭመቂያ ከደገፉ ከዚያም በላይ።

1.3 ላፕቶፑ ዩኤስቢ-ሲ ካለው ምስል ማውጣቱን አረጋግጡ። ሁሉም ዩኤስቢ-ሲ ምስል አያወጣም፤ አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ ነው። ከቀዳዳው አጠገብ የዲ ፊደል የሚመስለው የዲስፕሌይ ፖርት ምልክት ወይም የተንደርቦልት መብረቅ ካለ ያወጣል። ከባትሪ ሥዕል ጋር ያለ መብረቅ ግን የቻርጅ ምልክት ነው፤ አያሳስታችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በአስማሚ እንወጣዋለን ብላችሁ አትግዙ። ከኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ለመሄድ የራሱ ኃይል ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ተራው ኬብል በዚህ አቅጣጫ አይሠራም። ርካሽ አስማሚዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍተኛውን ሄርዝ አያወጡም። ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት የሚሄድ ኬብል ግን ጥሩ መፍትሔ ነው።

ያላችሁ ኤችዲኤምአይ 1.4 ብቻ ከሆነስ? ኮምፒውተሩን በቅርቡ የመቀየር ሐሳብ ከሌላችሁ 24 ኢንች 1080ፒ ያዙ፤ በ120 ሄርዝ ትጠቀሙበታላችሁ። በዓመት ውስጥ የምትቀይሩ ከሆነ ግን ለወደፊቱ ኮምፒውተር የሚሆነውን ሞኒተር አሁን ግዙ፤ ሞኒተር ከኮምፒውተር ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው።

## ደረጃ 2፦ ስፋቱንና ሪዞሉሽኑን በጽሑፍ ወስኑ

ጌም ውስጥ ዓይናችሁ የሚከተለው የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሆነ የፒክስል ማነስ ብዙም አይታወቅም። ሥራ ላይ ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ የቆመ ፊደል ላይ ታፈጣላችሁ። ስለዚህ ይህን ውሳኔ ለሥራው ስጡት።

የሚለካው በአንድ ኢንች ውስጥ ባለው የፒክስል ብዛት ነው፦

- 24 ኢንች 1080ፒ፦ 92 ገደማ
- 27 ኢንች 1080ፒ፦ 82 ገደማ
- 27 ኢንች 1440ፒ፦ 109 ገደማ
- 32 ኢንች 1440ፒ፦ 92 ገደማ
- 27 ኢንች 4ኬ፦ 163 ገደማ

27 ኢንች 1080ፒ ለሥራ አትግዙ። ዋጋው የሚያጓጓና በየሱቁ በብዛት ያለ ነው፤ ለሥራ ግን ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። አንዱ ፒክስል 0.31 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በተለመደው የመቀመጫ ርቀት የፊደሉ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል።

ነገሩ በአማርኛ ይብሳል። «ነ» እና «ኘ»፣ «ሰ» እና «ሸ» የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ደግሞ የጎኗ ቅጥያ መሃል ላይ ናት ወይስ ታች በሚለው ብቻ ነው። በ10 ነጥብ የተጻፈ ፊደል በዊንዶውስ 100 በመቶ ስኬል (የፊደልና የምልክት መጠን ማስተካከያ) 13 ፒክስል ገደማ ቁመት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እነዚያ ቅጥያዎች በአንድ ፒክስል ይሣላሉ ማለት ነው። ተመሳሳይ 27 ኢንች ላይ 1440ፒ ብትወስዱና ስኬሉን 125 በመቶ ብታደርጉት፣ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ የሚይዘው ቦታ ብዙም ሳይለወጥ በተጨማሪ ፒክስል ይሣላል። ልዩነቱ አንድ አንቀጽ እንዳነበባችሁ ይታወቃችኋል። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ለሚጽፍ፣ ለሚያርም ወይም ለሚተረጉም ሰው ከ144 ወደ 240 ሄርዝ ከመዝለል ይልቅ ይህ እጅግ ይበልጣል።

አሁን ሜትራችሁን አምጡ። የ24 ኢንች ስክሪን ወርድ 53 ሴንቲ ሜትር፣ የ27ቱ 60፣ የ32ቱ 71 ገደማ ነው። ዓይናችሁ ከስክሪኑ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚርቅ ከሆነ 24፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 27 ይስማማችኋል። የሞኒተሩ እግር ራሱ ከጠረጴዛው ጥልቀት እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ሊበላ እንደሚችል አስቡበት፤ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ 32 ኢንች ማስቀመጥ አንገት ያዞራል።

4ኬስ? ለጽሑፍ የሚወዳደረው የለም። ለጌም ግን ካርዱ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል መሥራት አለበት፤ የ1080ፒ አራት እጥፍ ነው። 1440ፒ 3.7 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ መካከለኛ ካርድ ይችለዋል። ከፍተኛ ካርድ ከሌላችሁ 27 ኢንች 1440ፒ ለሁለቱም የሚስማማው ነጥብ ነው። በጀቱ ካልደረሰ 24 ኢንች 1080ፒ፤ ከእነዚህ ሁለቱ መውጣት ያለባችሁ በቂ ምክንያት ካላችሁ ብቻ ነው።

## ደረጃ 3፦ ሄርዙን ጌማችሁ በሚያወጣው ፍሬም ለኩ

ሄርዝ ማለት ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ነው። ፍሬም ደግሞ ኮምፒውተሩ በሰከንድ የሚሠራው ምስል ነው። ኮምፒውተሩ 70 ፍሬም ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ባለ240 ሄርዝ ሞኒተር ጌሙን አያፈጥነውም።

3.1 አብዝታችሁ የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱ፤ ሴቲንግ ውስጥ ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚወጣ ፍሬም) ማሳያውን አብሩ።
3.2 ሰው በበዛበት፣ ፍንዳታ ባለበት ቦታ ላይ ዝቅተኛውን ቁጥር ጻፉ። ሜኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትውሰዱ።
3.3 ጌሙ የራሱ ገደብ እንዳለው አረጋግጡ። ኤልደን ሪንግ ለምሳሌ ከ60 ፍሬም አያልፍም። ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ 2 ግን በመካከለኛ ካርድም ከ144 በላይ ሊወጡ ይችላሉ።

ከ60 ሄርዝ ወደ 144 ስትወጡ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ከ16.7 ሚሊ ሰከንድ ወደ 6.9 ይወርዳል፤ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ታተርፋላችሁ። ከ144 ወደ 240 ስትወጡ የምታተርፉት 2.8 ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዝላይ ማውዙን ስታንቀሳቅሱ፣ ረጅም ሰነድ ስትገፉ ሁሉ ይታወቃል፤ ለሥራም ይጠቅማል። ሁለተኛውን የሚያውቁት የተኩስ ጌም በውድድር ደረጃ የሚጫወቱ ናቸው። ለሥራና ለጌም የሚሆነው ከ144 እስከ 180 ያለው ነው። ለ240 የምትጨምሩትን ገንዘብ ወደ ተሻለ ፓነል (የስክሪኑ ዓይነት) እና ወደ ተሻለ መቆሚያ አዙሩት።

ፕሌይስቴሽን ለምትሰኩ፦ ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 ሄርዝ አያልፍም። ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ይወጣል፤ 1440ፒን የደገፈው በ2022 በመጣ ማሻሻያ ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩን አድሱ። ተለዋዋጭ ሄርዙ (ሞኒተሩ ሄርዙን ከፍሬሙ ጋር እኩል የሚያራምድበት) ግን በፕሌይስቴሽን 5 የሚሠራው ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ 2.1 ቪአርአር ካለው ብቻ ነው። «ፍሪሲንክ» የሚል ምልክት (ደረጃ 5 ላይ እናየዋለን) ለዚህ አይበቃም።

## ደረጃ 4፦ ፓነሉን ምረጡ

አይፒኤስ። ቀለሙ ትክክል፣ ከጎንም ሲታይ የማይለወጥ፣ ጽሑፉ ንጹሕ። ድክመቱ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ማድላቱ ነው፤ ንጽጽሩ (በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት) 1,000 ለ1 ገደማ ነው። ለሁለቱም አገልግሎት የምመክረው ይህንኑ ነው።

ቪኤ። ንጽጽሩ 3,000 ለ1 ገደማ ስለሆነ በጨለማ ክፍል ለፊልም ያምራል። ነገር ግን በርካሾቹ ላይ ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ይህ በጌም ብቻ አይወሰንም፤ ጥቁር ገጽ ላይ ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ገጹን ስትገፉ ፊደሉ ይቀባባል። ሱቅ ውስጥ ሳትሞክሩት አትግዙት።

ቲኤን። ፈጣን ነው፣ ግን ትንሽ ጎንበስ ስትሉ ቀለሙ ይገለበጣል። ለሥራ አይሆንም።

ኦሌድ። ለጌም ከሁሉም የላቀው ነው። ለሥራ ሁለት ችግር አለው፦ ቀኑን ሙሉ የማይንቀሳቀስ ነገር (የዊንዶውስ ታስክባር፣ የኤክሴል መስመሮች) ከጊዜ በኋላ ምልክት ሊተው ይችላል፤ የአንዳንዶቹ የፒክስል አደራደርም በፊደል ጠርዝ ላይ የቀለም ጭረት ያሳያል። በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ሰነድ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ተውት።

ጎባጣ ስክሪን የምርጫ ጉዳይ ነው። ፕላን የሚነድፍ ወይም ዲዛይን የሚሠራ ሰው ግን ቀጥ ያለውን ይውሰድ፤ ቀጥታ መስመር በጎባጣ ላይ ያታልላል።

## ደረጃ 5፦ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን በጥርጣሬ አንብቡ

«1 ሚሊ ሰከንድ»። ጎኑ ላይ ጂቲጂ (ፒክስሉ ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላ ለመቀየር የሚፈጅበት ጊዜ) ወይስ ኤምፒአርቲ (የሚንቀሳቀስ ምስል ዓይን ላይ የሚቆይበት ጊዜ) እንደሚል እዩ። ሁለተኛው የሚገኘው የጀርባ መብራቱን በማብራትና በማጥፋት ነው፤ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ዓይንም ያደክማል። የመጀመሪያውም ቢሆን በምርጥ ሁኔታ የተለካ ነው። ሁለት ሞኒተሮችን በዚህ ቁጥር አታወዳድሩ።

«ኤችዲአር 400»። ኤችዲአር ብሩሁንና ጨለማውን አስፍቶ የሚያሳይ የምስል ደረጃ ነው፤ 400 ዝቅተኛው ነው፤ ስክሪኑን በክፍል በክፍል ማደብዘዝ አይጠይቅም። ሳንቲም አትጨምሩበት።

«165 በኦሲ»። ሞኒተሩ የተሠራበት ሄርዝ ዝቅ ያለ ሆኖ፣ 165 የሚደርሰው ከሜኑው ሲጫን ነው። ችግር የለውም፤ ዋጋውን ግን ከዝቅተኛው ቁጥር ጋር አመዛዝኑ።

ፍሪሲንክ እና ጂሲንክ። ሞኒተሩ ሄርዙን ከፍሬሙ ጋር እኩል እንዲያራምድ የሚያደርጉ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ ይኑረው። የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ አትጨነቁ፤ ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ያሉት ከ2019 ወዲህ ብዙዎቹን የፍሪሲንክ ሞኒተሮች በዲስፕሌይ ፖርት በኩል ያሠራሉ።

መቆሚያው። ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ይህ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የማይሄድ ሞኒተር ለሥራ አንገት ይገላል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። መቆሚያው ካልተስተካከለ ጀርባው ላይ 100 በ100 ሚሊ ሜትር የቬሳ ቀዳዳዎች መኖራቸውን አረጋግጡ፤ በኋላ ክንድ መግጠም ትችላላችሁ።

ገንዘቡ አልበቃ ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ተዉ፦ መጀመሪያ የጀርባ ቀለማት መብራት፣ ከዚያ ስፒከር፣ ከዚያ ኤችዲአር፣ ከዚያ ጉብጠት፣ ከዚያ ከ144 በላይ ያለው ሄርዝ። ሪዞሉሽኑንና ፓነሉን አትንኩ።

## ደረጃ 6፦ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

ቦሌም ግዙ መርካቶ፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ካልተሞከረ ገንዘብ አትስጡ። ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ጀርባው ላይ ያለውን ተለጣፊ አንብቡ። የሞዴሉ ቁጥር ከሳጥኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ፈልጉና ሄርዙንና ፓነሉን ከአምራቹ ገጽ አመሳክሩ፤ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሞዴሎች ውስጣቸው ሌላ ሊሆን ይችላል።
2. በራሳችሁ ላፕቶፕ ሰኩት። የሞኒተሩን ሜኑ ክፈቱ፤ ኢንፎርሜሽን የሚለው ውስጥ ሪዞሉሽኑና ሄርዙ ይታያል።
3. አምስቱን ምስሎች ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ አንድ በአንድ አሳልፉ። በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ በጥቁሩ ላይ ብሩህ ነጥብ ካለ የሞተ ወይም የተጣበቀ ፒክስል ነው። ማዕዘኖቹን በደንብ እዩ።
4. ጥቁሩን ምስል እንደያዛችሁ የሱቁ መብራት እንዲጠፋ ጠይቁ። ከጠርዝ የሚፈስ ብርሃን ካለ ተንቀሳቅሳችሁ እዩት፤ አብሯችሁ ከቀያየረ የአይፒኤስ ጠባይ ነው፣ አንድ ቦታ ከቆመ ግን የመገጣጠም ችግር ነው።
5. የስክሪኑን ብርሃን ወደ 20 በመቶ አውርዱና በስልካችሁ ካሜራ እዩት። ወፋፍራም ጥቁር መስመሮች ከተጓዙበት የጀርባ መብራቱ ይርገበገባል። ራስ ምታት የሚነሳባችሁ ከሆነ ሌላ ሞዴል ጠይቁ።
6. የአማርኛውን ሰነድ ክፈቱ። በመደበኛ ርቀታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ አንቀጽ አንብቡ። «ነ» እና «ኘ» ሳትጠጉ ካልተለዩ ሞኒተሩ የእናንተ አይደለም።
7. ያለውን መግቢያ ሁሉ ሞክሩ። አንዱ ሠርቶ ሌላው የተበላሸ ያገለገለ ሞኒተር ብዙ ነው።

ሻጩ «ቤት ሂዳችሁ ሞክሩት» ካለ፣ በስንት ቀን ውስጥና በምን ምክንያት እንደሚመልስ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የቃል ስምምነት ለሞተ ፒክስል አይሆንም።

ከውጭ ለምታስመጡ ወይም ለምትልኩ፦ የኃይል አስማሚው ወይም የሞኒተሩ ጀርባ ላይ «100–240» ቮልት መባሉን አረጋግጡ፤ ከሆነ ከአሜሪካ 120 ቮልት የመጣው አዲስ አበባ 220 ላይ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። ከዱባይ የሚመጣው ሶኬቱ ባለሦስት ወፍራም እግር ነው፤ ገመዱ ከሞኒተሩ የሚነቀል ከሆነ አስማሚ ከመደራረብ ገመዱን ብቻ ቀይሩ። ሳጥኑን አትጣሉት፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ለስክሪኑ ልክ የተቆረጠ ነው። ሲጓጓዝ ይቁም እንጂ አይተኛ፣ ላዩ ላይም ሻንጣ አይጫንበት። ዋስትናው በተገዛበት አገር ብቻ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ፍተሻውን የሚልከው ሰው እዚያው ጨርሶ ይላከው።

## ደረጃ 7፦ ቤት ስትገቡ አስተካክሉት

ሞኒተሩ በራሱ ወደ 144 አይወጣም። እናንተ ናችሁ የምታወጡት።

1. ዴስክቶፕ ከሆነ ኬብሉን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩ። ከላይ፣ ከዩኤስቢዎቹ ጎን ያለው ቀዳዳ የማዘርቦርዱ ነው፤ እዚያ ከሰካችሁ ውድ ካርዳችሁ ያለ ሥራ ይቀመጣል።
2. ከሞኒተሩ ጋር የመጣውን ኬብል ተጠቀሙ። ዲስፕሌይ ፖርት ካለ እርሱን ምረጡ።
3. ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡ። ከላይ ትክክለኛውን ሞኒተር ምረጡ፤ ከታች ሪፍሬሽ ሬት የሚለው ላይ ከፍተኛውን ቁጥር ንኩ።
4. ወደ ዲስፕሌይ ተመልሳችሁ ሪዞሉሽኑ «ሪኮሜንድድ» የሚለው ላይ መሆኑን እዩ። ስኬሉን ለ27 ኢንች 1440ፒ ከ100 እስከ 125፣ ለ27 ኢንች 4ኬ 150 አድርጉ።
5. ከሞኒተሩ ሜኑ ፍሪሲንክን ወይም አዳፕቲቭ ሲንክን አብሩ፤ ቀጥሎ በኤንቪዲያ ወይም በኤኤምዲ ሶፍትዌር ውስጥ ደግሞ አብሩት። አንዱ ብቻ ከበራ አይሠራም።
6. ጌም ውስጥ የፍሬም ገደቡን ከሞኒተሩ ሄርዝ በ3 ዝቅ አድርጉ፤ ለ144 ሄርዝ 141። ይህ ፍሪሲንኩ ከክልሉ እንዳይወጣ ይጠብቀዋል።
7. ኦቨርድራይቭ የሚለውን (ፒክስሉ ቶሎ እንዲቀየር የሚገፋ የሞኒተሩ ቅንብር) መካከለኛ ላይ አቁሙ። የመጨረሻው ደረጃ ከሚንቀሳቀስ ነገር ኋላ ነጭ ጥላ ያመጣል።
8. ሁለት ፕሮፋይል አስቀምጡ። ለሥራው ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዙና የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪቀራረብ ብርሃኑን አውርዱ። ለጌሙ ከፍ አድርጉት። ከፋብሪካ የሚመጣበት ብርሃን ለቢሮ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ነው።

የመብራት ጉዳይ። የሞኒተሩ 144 ሄርዝ ከመብራቱ 50 ሄርዝ ጋር አይገናኝም፤ በዚህ አትስጉ። መስጋት ያለባችሁ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው ኃይል ነው። ከለላ ባለው ማከፋፈያ ወይም በዩፒኤስ ሰኩት፤ ከሌላችሁ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት።

## አልሠራ ሲል

የሪፍሬሽ ሬት ዝርዝሩ ውስጥ ከ60 በላይ አይታይም። በቅደም ተከተል፦ ኬብሉ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው? ሌላ ኬብል ሞክሩ። የግራፊክስ ድራይቨሩን አድሱ። የሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ የዲስፕሌይ ፖርት ወይም የኤችዲኤምአይ ሥሪት ዝቅ ተደርጎ ከሆነ ከፍ አድርጉት። ሪዞሉሽኑን ለጊዜው ወደ 1080ፒ አውርዱ፤ ያኔ 120 ከታየ ችግሩ የፖርቱ አቅም ነው፣ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ስክሪኑ ለአንድ ሁለት ሰከንድ እየጠፋ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ነው። አጠር ያለ፣ እስከ 2 ሜትር ያለውን ሞክሩ። ካልቆመ ሄርዙን አንድ ደረጃ አውርዱ፤ ባለ165ቱን 144 ላይ ማዋል ምንም አያጎድልባችሁም።

ጌም ላይ ምስሉ አግድም ይቀደዳል። ፍሪሲንክ በሁለቱም በኩል አልበራም፣ ወይም ፍሬሙ ከሄርዙ በልጧል። የደረጃ 7ን ተራ ቁጥር 5 እና 6 ድገሙ።

ፍሪሲንክ ሲበራ ብርሃኑ ይርገበገባል። በቪኤ ላይ የተለመደ ነው፤ ፍሬሙ በድንገት ሲወርድ ይመጣል። የጌሙን ጥራት ቀንሱና ፍሬሙን አረጋጉት። ሥራ ላይም ከመጣ በዴስክቶፕ እንዳይሠራ፣ ሙሉ ስክሪን ለሆነ ጌም ብቻ እንዲሆን ከኤንቪዲያ ሶፍትዌር ምረጡ።

ቀለሙ የነጣ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን እንደ ቴሌቪዥን ቆጥሮት ይሆናል። በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ ቼንጅ ሪዞሉሽን ገብታችሁ የቀለም ፎርማቱን አርጂቢ፣ ዳይናሚክ ሬንጁን ፉል አድርጉ። ቀጥሎ በዊንዶውስ መፈለጊያ ክሊርታይፕ (የፊደል ጥራት ማስተካከያ) ብላችሁ ጻፉና የሚያቀርብላችሁን ናሙናዎች አንድ በአንድ ምረጡ። በሞኒተሩ ሜኑ ሻርፕነስ የሚለው ከመካከለኛው ወጥቶ ከሆነ መልሱት።

ፕሌይስቴሽን 5 ከ60 አልወጣም አለ። ሴቲንግስ፣ ስክሪን ኤንድ ቪዲዮ ውስጥ 120 ሄርዝ አውትፑት የሚለውን አውቶማቲክ አድርጉ። ከዚያ በጌም ፕሪሴት ውስጥ ፐርፎርማንስ ሞድን ምረጡ። ጌሙ ራሱ 120ን የማይደግፍ ከሆነ ሞኒተሩ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ሌላ ጌም ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ሞኒተሩን ለመመለስ አትቸኩሉ።